ጫኙን አፍ ላስፈቱልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የፊልም አከፋፋይ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለሥራ ባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም የሽማግሌን ፊት እንደ ሸሚዝ ተኩሶ ለሚመልሰው መሣሪያዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ መጋረጃ በመስፋት የምተዳደር፣ «ቀያሹ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ግን ከመርፌና ክር አስቀድሜ የተዋወቅሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስወደው የኖርኩ ተመልካች ነኝ። ድርጅትዎ ባለፈው ሳምንት ለሰፈራችን ፊልም አዳራሽ ባለቤት በላከው ማስጠንቀቂያ፣ አዲሱ ፊልም በተከፈተበት ቀን «ያልተፈቀደ ድምፅ» ያሰማው ማን እንደሆነ በስም ካልተገለጸለት ፊልሙን ከአዳራሹ እንደሚያነሳ አስታውቋል። ባለ አዳራሹ ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ አይበላላቸውም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ማየት ደግሞ እኔ አይሆንልኝም። ስለዚህ መልሱን ልሰጥ ተነሣሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም ክቡርነትዎን ለማሳጣት ከቶ አይደለም፤ ቀደም ሲል በዝግ ፖስታ ለላክሁት ደብዳቤ የሰጡኝ መልስ እጅግ ያማረ ስለነበረ፣ ጎረቤቶቼ ሳያዩት ቢቀር ያስቆጫል ብዬ ነው።

ለጥያቄዎ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ምስጋና ይቀድማል። ለማያውቁት አንባብያን ያህል፣ ቀያሹ ማለት የመለኪያ ገመዱን በትከሻው አንግቶ ካርታ ላይ ወዳልሰፈሩ አገሮች የሚሄድ፣ በአንዲት በቅሎና በአንድ ጫኝ ብቻ ታጅቦ የጠፉ ከተሞችን የሚያገኝ ጀግና ነው። አራት ፊልሞች ከተሠሩለት በኋላ ደብዛው ጠፍቶ ነበር፤ እኛም እርማችንን አውጥተን ተቀምጠናል። እርስዎ ግን ሳንለምንዎ መለሱልን፤ ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬ በቁጥር ይቀርባል።

አንደኛ፣ ቀያሹን ወጣት አድርገው ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። የምንወደው ተዋናይ እንደማንኛችንም አርጅቷል፤ እኛም ያረጀ ቀያሽ ልናይ ተዘጋጅተን፣ መነጽራችንን ወልውለን ነበር የገባነው። ክቡርነትዎ ግን እርጅና ለተመልካች እንጂ ለጀግና እንደማይገባ ተረድተው፣ ፊቱን በመሣሪያ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ አስመስለውታል። ጉልበቱን ግን ረስተውታል። በዚህም የተነሣ ያ ለጋ ፊት ከገደል ገደል ሲዘል፣ ከሥሩ ያለው ገላ ደግሞ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ እንደሚፈልገው እንደ ወንድሜ አማት እየተደገፈ ሲከተለው ለማየት በቅተናል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ይሄን የመሰለ ልጅ ምን ነክቶት ነው የሚያነክሰው ብለው ከልባቸው አዝነውለታል።

ሁለተኛ፣ ስለ በቅሎዋ። የድሮዋ በቅሎ ሥጋ ለባሽ ነበረች፤ ዝንብ ያስቸግራታል፣ ድልድይ አልሻገርም ብላ ትገግማለች፣ አንድ ጊዜም ቀያሹ ስለ ጠፉት ነገሥታት እየደሰኮረ ሳለ ከኋላው ሆና ካርታውን በልታበታለች። ይህ በድርሰቱ የነበረ አይመስለኝም፤ ርቧት ነው። አዲሷን ግን በኮምፒውተር ስላሣሏት አትራብም፣ አትገግምም፣ አታዛጋም፤ ጥላዋም አንዳንዴ እሷን ጥሏት ቀድሞ ይሄዳል። እንዲህ ያለች እሺ ባይ ፍጡር በድርጅትዎ ውስጥ ፈልገው እንዳገኟት አልጠራጠርም።

ሦስተኛ፣ ሳንጠይቅዎ ስላስረዱን። በድሮዎቹ ፊልሞች ቀያሹ ማንም ወዳልደረሰበት ቦታ ለምን እንደሚሄድ የነገረን አልነበረም፤ እኛም ማንም ያላየውን ማየት ደስ ስለሚል ነው ብለን ነገሩን ትተነው ነበር። ለካስ ተሳስተናል። አዲሱ ፊልም ሙዚቃውን እያለሰለሰ፣ ዝናብ እያዘነበ፣ እየደጋገመ እንዳብራራልን፣ ያ ሁሉ ዋሻ የተገባው፣ ያ ሁሉ ገመድ የተበጠሰው ቀያሹን በልጅነቱ አባቱ ስላላቀፉት ነው። አባቶቻችን አቅፈው ያሳደጉን እኛ እስከ ዛሬ አንድም የጠፋ ከተማ ሳናገኝ የቀረንበት ምክንያት አሁን ገና ተገለጠልን።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ጫኙ ነው፤ እሱ ግን በቁጥር የሚያልቅ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ እንድመልስዎ ይፍቀዱልኝ።

በእኛ ልጅነት ፊልም የሚመጣው ከነባዕድ ቋንቋው ስለነበረ፣ በየአዳራሹ አንድ ተርጓሚ ይቀመጥ ነበር። የእኛ አዳራሽ ተርጓሚ አባቴ ነው። በሥራ ሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የመኪኖችን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ አዳራሹ ገብቶ፣ ከሸራው በስተግራ ባለች ረጅም በርጩማ ላይ ፊቱን ለሸራው፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ይቀመጣል። ከዚያ ማይክሮፎኑን ያነሣና፣ ኤሌክትሪክ ስለሚነዝረው በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ፣ ለጀግናውም ለወይዘሪቷም ለሽፍታውም አፍ ሆኖ ይናገራል። ሰፈሩ «አፈ ጉባኤው» ይለዋል። የባዕዱን ቋንቋ ያውቅ ነበር ወይ ቢሉኝ፣ ከመናኸሪያ መንገደኞች የለቀመውን ያህል ያውቅ ነበር እላለሁ፤ የጎደለውን ከተዋንያኑ ፊት ላይ ያነበዋል።

ጫኙ ማለት የቀያሹን ዕቃ በበቅሎዋ ላይ የሚጭን፣ በቅሎዋ እምቢ ስትል በራሱ ጀርባ የሚሸከም፣ አቧራ እንዳይገባበት አፍና አፍንጫውን በሻርፕ የሸፈነ ረጅም ሰውዬ ነው። የቀረው ዓለም ባየው ፊልም ይህ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አይናገርም። እኛ ግን ይህን አናውቅም ነበር። አባቴ ፊልሙን ብቻውን አስቀድሞ ሲያይ ነገሩ አልዋጥለት ብሎ እንደነበረ በኋላ አጫውቶናል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እሱም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲጭንና ሲያራግፍ የሚውል ሰው ዝም አለ ቢሉት አላመነም። ሌላው ቢቀር ያጉረመርማል ባይ ነው። ሻርፑንም ያደረገው ሲያጉረመርም አለቃው እንዳያይበት ነው ብሎ ፈረደ፤ አናገረውም።

ቀያሹ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ከዚህ ወዲያ ሰው አልፎ አያውቅም ብሎ ሲያውጅ፣ ጫኙ ከኋላ ሆኖ «ሰው ካላለፈ እኛ ምን ሆነን ነው የምናልፈው?» ይላል። የወርቁ ክፍል ተከፍቶ ሁሉም ሲንበረከክ፣ ጫኙ ግድግዳውን ተደግፎ «ይሄን ደግሞ ማን ሊጭነው ነው?» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ይናጣል፤ ወንበር የሚሰበርበትም ቀን ነበር። በአራተኛው ፊልም መጨረሻ ግን ቀያሹ ቆስሎ ሲወድቅ፣ ጫኙ ጭነቱን ሁሉ ጥሎ፣ የበቅሎዋን ልጓም ለቆ፣ ሰውዬውን በጀርባው ሲያዝለው፣ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ፣ ካንተ የከበደ ጭኛለሁ» አለ። እናቴን ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ እነዚህ ቃላት ከአዳራሹ ወጥተው በከተማው ተበተኑ። አዲስ አለቃ አዲስ ዕቅድ ይዞ ሲመጣ፣ አማት ሦስት ሻንጣ ይዛ ለሁለት ቀን ስትመጣ፣ ከየጓዳው «ይሄን ደግሞ ማን ሊጭነው ነው?» የሚል ይሰማል። የታመመ የሚጠይቅም፣ ቤት ለሚቀይር ጎረቤት ቁም ሣጥን የሚያነሣም «ካንተ የከበደ ጭኛለሁ» ይላል። ከሚናገሩት ውስጥ ግማሹ ፊልሙን አላየውም፤ ቃሉን ከአክስቱ ነው የሰማው።

ዓመታት አልፈው ቴሌቪዥን ፊልሙን በጽሑፍ ትርጉም ባሳየበት ቀን ታዲያ ጫኙ ድምፅ አልነበረውም። መጀመሪያ ቴሌቪዥኖቻችንን በጥፊ መታን። ቀጥሎ ወደ ጣቢያው ተደወለ፤ የጫኙ ድምፅ ስለተቆረጠ በአስቸኳይ ይቀጠልልን ተባለ። ደዋዩ ከመብዛቱ የተነሣ ቴክኒሻኖቹ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው ገመድ ሲፈትሹ አምሽተዋል አሉ። የእህቴ ባል ደግሞ ለሥራ በሄደበት ሌላ ከተማ የፊልሙን ዲስክ ገዝቶ፣ ጫኙ ዝም ሲልበት መልሶ፣ ሁለተኛ ተሰጥቶት፣ እሱም ዝም ሲል ሻጩን በሌብነት ሊከሰው ምንም አልቀረውም ነበር። እውነቱን ስንረዳ አፍረናል ብለው እንዳያስቡ። ያዘንነው ለቀረው ዓለም ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ፊልሙን ወደድኩ ሲል ጫኙን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማው ኖሯል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቀያሹ ሊመለስ ነው የሚለው ማስታወቂያ በየግድግዳው በተለጠፈበት ሰሞን፣ የአባቴ ድምፅ ሊሄድ ነበር። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለውን ያዩት ሐኪም፣ ቀዶ ጥገናው ነፍሱን እንደሚያተርፍለት፣ ድምፁን ግን እንደማያተርፍለት ቁርጡን ነገሩን። ቀጠሮው ፊልሙ ከተከፈተ በኋላ በሚመጣው ሳምንት ነበር። አባቴ ስለ ጉሮሮው ብዙ አላወራም፤ ጫኙ በአዲሱም ፊልም ይኖር እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። ስለዚህ ለክቡርነትዎ ጽፌ አንዲት ነገር ለመንኩ። በመጀመሪያው ቀን የቀን ትርኢት ላይ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የጫኙን ቃል ይበል፤ የተቀረው ድምፅ ሁሉ የእናንተ ይሁን፤ የማይመቻችሁ ከሆነ ይህ ትርኢት ከማስታወቂያም ይቅር አልኩ። ለምኜ የማላውቅ ሰው ስለሆንኩ አጻጻፉ ከብዶኝ እንደነበረ አልሸሽግም።

መልስዎ ፈጥኖ ደረሰኝ፤ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። የፊልሙ ድምፅ በሕግ የተጠበቀ መሆኑን፣ ከፊልሙ ውጭ ማንም ሰው በማይክሮፎን ድምፅ ቢያሰማ አዳራሹ ውሉን እንደሚያጣ፣ ድርጅቱም ለዚህ ሥራ በስቱዲዮ የሠለጠኑ ድምፆች ማሰናዳቱን ገልጸው፣ ለአባቴ መልካም የሕክምና ጊዜ ተመኝተዋል። ይባስ ብለውም ጫኙ በአዲሱ ፊልም «በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ» እንደሚናገር አብስረውኛል፤ «በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው በደማቁ ነበር የተጻፈው። ደብዳቤውን ለአባቴ ሳነብለት፣ በቀረችው ሰላላ ድምፁ፣ እሰየው፣ ምን እንደሚል እንስማው አለ።

በዕለቱ ወኪልዎ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው ያደገው፤ ትእዛዙን ሲፈጽም ዓይናችንን ማየት አልቻለም። ማይክሮፎኑን ከነመሐረቡ ነቅሎ ወስዶ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ እንደታመመ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኛው። ውሉ በርጩማን ስለማይከለክል አባቴ በርጩማው ላይ ወጣ፤ እንደ ልማዱም ጀርባውን ሰጠን። መብራት ጠፋ።

የሠለጠኑት ድምፆችዎ በእውነት ሠልጥነዋል። የድንጋይ ናዳ ሲመጣ ቀያሹ ቆም ብሎ «ይህንን ልናደርገው እንችላለን» ይላል። ምኑን እንደሚያደርጉት ፊልሙ እስኪያልቅ አልነገረንም፤ ናዳ የመጣበት ሰው በእኛ ቋንቋ ሩጥ ነበር የሚለው። ወይዘሪቷ ስትቆጣም ስትወድም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ የባንክ የስልክ ማሽን፣ ለሒሳብዎ አንድን ይጫኑ የምትለዋ ሴትዮ ትመስለኛለች። ጫኙ ግን ሻርፑን እንደጠመጠመ እስከ መጨረሻው ትዕይንት ድረስ ዝም አለ፤ አባቴም ዝም አለ። ቦታው በደረሰ ቁጥር ትከሻው ከፍ ሲል፣ መልሶ ሲወርድ ከጀርባው አየዋለሁ። ይህን ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ክቡርነትዎ ባያውቁት ይሻላል።

በመጨረሻ ቀያሹ ከነለጋ ፊቱ ወደቀ። ጫኙ ጭነቱን ጥሎ መጣ። ያ የተባለለት ስጦታዎ ደረሰ፤ ጫኙ ሻርፑን ቀስ ብሎ ፈታ፤ ለጫኝ የሚበዛ ነጭ ጥርስ አለው፤ አፉንም ከፈተ። ያለው ነገር «እውነተኛው ጉዞ ጓደኝነት ነው» የሚል እንደሆነ ከማስጠንቀቂያዎ ላይ አንብበናል። ያነበብነው በአዳራሹ ስላልሰማነው ነው። አፉ ሲከፈት፣ ማንም ሳይመራን፣ ማንም ሳይጠቅሰን፣ ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ በር፣ ሳንጮህ፣ አባቴ እንደሚለው ዝቅ አድርገን፣ «አይዞህ፣ ካንተ የከበደ ጭኛለሁ» አልን።

አባቴ ያን ሁሉ ዘመን ጀርባውን ሰጥቶን ነው የሠራው፤ ሳቃችንን ሰምቶ ያውቃል እንጂ ፊታችንን በዚያ አዳራሽ አይቶ አያውቅም። ያን ቀን በርጩማው ላይ ዞረ። ፊልሙ ገና አላለቀም ነበር፤ እሱ ግን ቀሪውን እኛን ሲያይ ነው የጨረሰው። አንዲት ቃል አልወጣችውም። ውልዎን ከማንም በላይ አክብሯል።

እንግዲህ ያልተፈቀደ ድምፅ ያሰማው ማን ነው ላሉት፣ መልሱ ይህ ነው። በማይክሮፎን የተናገረ የለም፤ ማይክሮፎኑ ወኪልዎ ጭን ላይ ነበር። በአፋቸው የተናገሩት ግን ፀጉር ቆራጩ፣ የጎማ ጥገናው ሰውዬ ከነሚስቱ፣ ሁለቱ የኬሚስትሪ አስተማሪዎች፣ ልጁ ምን ነክቶት ነው ያሉት እናት፣ እህቴና ባሏ፣ እኔ፣ ሌላውም ሁሉ ናቸው።

ሕጋዊ ክትትሉ እንዳይጓደል አንድ ሰው ከአዳራሹ ውጭ ልጨምርልዎ። በቀጠሮው ቀን አባቴን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል የወሰደው አልጋ ገፊ የሰፈራችን ሰው አይደለም፤ አባቴንም አያውቀውም፤ በኋላ ጠይቄው ፊልሙንም አላየሁም ብሎኛል። አባቴን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያሸጋግረው፣ ለበሽተኛ ሁሉ እንደሚለው፣ «አይዞዎት አባባ፣ ከእርስዎ የከበደ ጭኛለሁ» አለው። አባቴ ሳቀ፤ ትን እስኪለው ሳቀ። በድምፁ የሳቀው የመጨረሻ ሳቁ እሱ ነው፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ከኮሪደሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁት። ሕክምናው ሰምሮለት አሁን ቤት ነው፤ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይቆጣል። ይህን ደብዳቤ ሰጥቼው አንብቦ፣ በሁለት ጣቶቹ መቀስ ሠርቶ በዛ ቁረጪው ብሎኛል፤ እኔ ግን ለክቡርነትዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ አልቆረጥኩም።

ፊልሙን ከአዳራሹ ለማንሣት ከወሰኑም እጅዎን አንይዝም። ሸራው እንዳይራቆት መጋረጃ በነፃ እሰፋለሁ፤ የድሮዎቹን አራቱን ደግሞ በመጋረጃው ፊት ተቀምጠን በቃላችን እንላቸዋለን። የእርስዎን ግን በቃሉ የያዘ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ወኪልዎ ለሪፖርቱ ሲል ሁለት ጊዜ መግባት ነበረበት።

በተረፈ የሠለጠኑ ድምፆችዎ ጉሮሮ አይድረቅ፤ የቀያሹም ጉልበት ፊቱ ላይ ይድረስለት፤ በቅሎዎም ጥላዋን ታግኝ፤ ክቡርነትዎንም ለሚቀጥለው ስጦታዎ ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
መጋረጃ ሰፊዋ፣ የአፈ ጉባኤው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወኪልዎ በሪፖርቱ የዘነጋት አንዲት ነገር አለች። ያ ቃል ሲባል እሱም ማይክሮፎኑን እንዳቀፈ ብሎታል፤ አጠገቡ የነበረችው እህቴ በጆሮዋ ሰምታዋለች። እባክዎን አይቅጡት፤ የተማረው ከእናቱ ነው፤ እናቱም ሰሞኑን ለገዛ ቤቷ መጋረጃ ልታሰፋ መጥታ ዋጋውን ስነግራት ምን እንዳለችኝ ባልነግርዎ ይሻላል። የተቀሩትን ተናጋሪዎች ስም በሙሉ አዘጋጅተን ለመላክ ፈቃደኞች ነን፤ የከተማው ሰው ስም ስለሆነ ግን ጥቂት ክብደት ይኖረዋል። ይሄን ደግሞ ማን ሊጭነው ነው?